ባሕር የተሻገረው ኮት

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ጎልማሳ ከሱቄ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «አባባ ኑሩ፣ መምህር ይግዛው አረፉ» አለኝ።

«ማን ገደለው?» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ኧረ ማንም! ካልጋቸው ላይ ነው ያረፉት፤ በሰላም። ቁሐር ሚካኤል ቀብረን መመለሳችን ነው። አባቴም መጥቶ ነበር፤ በሰው ተደግፎ አፈር አለበሳቸው።»

ይህ ጎልማሳ የአንበሳሜው የደሴ ልጅ ነው። አባቱ ደሴ በጉብዝናው ዘመን ይግዛውን ሊገድል በሰው ፊት የማለ፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ እዚሁ ሱቄ ውስጥ አገጩ ሥር የሰካበት ሰው ነበር። እንግዲህ ይግዛው ካልጋው ላይ አረፈ፤ ደመኛው ተደግፎ ቀበረው። ነገሩን ከእኔ በላይ አሟልቶ የሚያውቅ የለም፤ ቢኖርም እንደ እኔ አድርጎ አይጽፈውም።

እኔ ኑሩ ነኝ። ወረታ ላይ ልብስ ሰፊ ከተባለ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደልን ከስኳር መጠቅለያና ከጨው ጆንያ ላይ ለቅሜ፣ ማንበብን ያለ አስተማሪ የቻልኩ፣ ዐረብኛውን ከነጋዴ፣ ጣሊያንኛውን ከሹፌር የቀዳሁ ሰው ነኝ። የልጅ ልጆቼ መነጽር ሰክተው የሚሰለቹትን መጽሐፍ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያለ መነጽር እጨርሰዋለሁ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ይግዛውም ያን ሁሉ የተማረ ሰው እያለ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በርጩማ ስቦ የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መግቢያ፣ ወረታ ትምህርት ቤት ሊያስተምር በተላከ በዚያው ሰሞን ነው። ገበያው መሐል ሁለት ሰዎች እርሻ ለምዷል ተብሎ ተሽጦ ቀንበር ሲያይ በሚተኛ በሬ ተጣሉ። አንዱ ተፈንክቶ ወድቋል፤ ሌላው ምሳር አንስቷል። ሰው ሁሉ «ተው! ተው!» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ረጅም ወጣት ሕዝቡን በክርኑ እየሰነጠቀ ገባ። የባለምሳሩን አንጓ ያዘና ጠመዘዘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከሱቄ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ጥሎት ደረቱ ላይ ተቀመጠና ጉልቻ ላይ የተቀመጠ ይመስል ዘና ብሎ፣ «በምን የተነሳ ነው?» አለው።

«ልቀቀኝ፤ እጄን ሰብረኸኛል!»

«ሰብሬሃለሁ። አሁን ንገረኝ፣ በምን የተነሳ ነው?»

ይግዛው ይህ ነበር። ግራ ጆሮው ግማሽ ነው፤ በልጅነቱ ከብት ሲያግድ በዱላ ግጥሚያ የሄደ ነው። ሲያስብ ያንን ቁራጭ ጆሮ ያሻል። እጁ ከባድ ነበር፤ ያስተማራቸው ሁሉ አለንጋውን ዛሬም አይረሱትም። ነገር ግን ከዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚለየው ጥያቄው ነው። ሰው ስለ መገዳደል ሲያወራ እኛ «ማን ገደለ? ማን ሞተ?» እንላለን። እሱ «በምን የተነሳ?» ይላል። አንዱ በድንበር፣ አንዱ በውሻ፣ አንዱ ሰርግ ላይ በተወረወረች ቃል። ከጉማራ እስከ ርብ ባለው ሜዳ የፈሰሰውን ደም ሁሉ እየዞረ ጠየቀ፤ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚያስታርቁም ጠየቀ። የሚበዛውን ደግሞ እኔ ነገርኩት፤ ልብስ ሰፊ የማይሰማው ወሬ የለም።

አንድ ቀን ክር እየፈተለልኝ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ ኑሩ፣ ገዳይ ለምን እንደማይገደል ታውቃለህ?»

«ስለሚሸሽ ነው።»

«አይደለም። ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ቂል ስለሆነ ነው። ቂል ቢሞት ማን ይጎዳል? ደም የሚመለሰው በወገኑ አውራ ላይ ነው። ሲሞት ቤቱ የሚጨልምበትን ሰው ይመርጣሉ።»

ያን ጊዜ የሰው ነገር ነበር የሚያወራው። ብዙም ሳይቆይ በራሱ ደጅ ገባ።

ክረምቱ አልፎ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ሣሩ ይፋፋል። በአንበሳሜ በኩል ያሉት የደራ ሰዎችም ከብታቸውን ነድተው ይወርዳሉ። በዚያ ግጦሽ ላይ የይግዛው ታናሽ ወንድም ዘለቀ ከደሴ ታላቅ ወንድም ጋር ተጣላ። ዘለቀ ሥራ የማይወድ፣ ጠላ ቤት የሚያድር ልጅ ነበር። በጦር ወጋው። ሰውየው ሣሩ ላይ ሲንፈራገጥ ከብቶቹ ደሙን እያሸተቱ፣ መሬቱን በቀንዳቸው እየቆፈሩ ያጓሩ ነበር። የከብቱ ጩኸት ወረታ ድረስ ተሰማ። ዘለቀ ያን ለት ወደ ቆላ ሸሸ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ደሴ ማለ። ግን ይግዛውን ዞር ብሎ አላየውም። አስተማሪ ጠመኔ የያዘ ሰው ነው፤ የጥይት ዋጋ አያወጣም። የይግዛውና የዘለቀ ወገን አውራ አጎታቸው ግራዝማች ተሰማ ነበር። ግራዝማች መሬት ያለው፣ በቅሎ የሚጋልብ፣ ችሎት ላይ የሚደመጥ ሰው ነው። ያን ዓመትና የሚቀጥለውን ጠመንጃ ያዦች ሳያስከትል ከደጁ አልወጣም። እህል እየበላ በሩን ያይ ነበር ይላሉ።

በዚህ መሐል ነው የእስክንድርያው ጥሪ የመጣው። ይግዛው ስለ ፎገራ ደምና እርቅ የጻፈውን አዲስ አበባ ያስተማሩት አንድ ፈረንጅ አንብበው ወደ ውጭ ልከውት ኖሮ፣ በባሕሩ ዳር በእስክንድርያ ከተማ ስለ አፍሪካ ሕዝቦች የአገር ሕግ የሚመክሩ ሊቃውንት በጉባኤያቸው ላይ እንዲናገር ጠሩት። ከፎገራ ሜዳ እንዲህ የተጠራ ሰው ተሰምቶ አያውቅም። ጥሪውን ይዞ እየሮጠ እኔ ዘንድ መጣ፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ ኑሩ፣ እስክንድርያ በምን ይኬዳል?»

ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ወዳለው የዓለም ካርታ ወሰደኝ። ጣቴን ወረታ ላይ አሳረፍኩ። ወረታ አልተጻፈችም፤ እኔ ግን ጣናን አይቼ አወቅኋት። «ከዚህ በአውቶቡስ ጎንደር ትሄዳለህ። ከጎንደር አሥመራ። ከአሥመራ ምጽዋ ትወርዳለህ። ከዚያ በመርከብ ስዊዝ፣ ከስዊዝ በባቡር እስክንድርያ።»

«ለመሆኑ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«ጣናን አይቻለሁ። ልዩነቱ የማዶውን ዳር መደበቁ ብቻ ነው።»

እየሳቀ ትከሻዬን መታኝ፤ ትከሻዬ ሳምንት አመመኝ። መንገዱ ኋላ አንድም ሳይዛነፍ ጣቴ እንደሄደ ሆነ። ኮቱንም የምሰፋለት እኔ እንድሆን ተስማማን፤ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ከጎንደር አስመጣሁ።

ግራዝማች ወሬውን ሲሰማ ሰንጋ አረደ። ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻው በግ ታረደልን፤ በእኔ እጅ ነው ተባርኮ የታረደው። ጠጁ ሲሞቅ ግራዝማች ጠመንጃውን ይዞ ተነሳና መሬቱን እየረገጠ ይፎክር ጀመር። «የወንድሜ ልጅ! የቁሐሩ አንበሳ! ባሕር የሚያቋርጥ፣ ከዓለም ሊቃውንት የሚማከር! ስሙኝ፣ ከዛሬ ወዲያ አውራችን ይግዛው ነው! ሚካኤልን፣ እኔ የእሱ አሽከር ነኝ!» ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የይግዛው እናት ደስታው አቅላቸውን አሳታቸው፤ እየሰገዱ መሬት ይስማሉ።

ይግዛው ከመሐል ተነስቶ ወደ እኛ ጥግ መጣ። ጆሮውን ያሻል።

«ሰማኸው?» አለኝ።

«ሰማሁ። አኮራህ።»

«አላኮራኝም፤ ጫነብኝ። ደሙን ከራሱ አውርዶ በእኔ ላይ ጫነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ የጠራው ለዚህ ነው። እዚህ ከተቀመጡት አንዱ ነገ አንበሳሜ ገበያ ይወርዳል፤ ደሴ ከሠርክ በፊት ይሰማል።»

«አጎትህ እኮ ነው!»

«አጎቴ ስለሆነ ነው የሚያውቀው። አየህ፣ አሁን የጥይት ዋጋ አወጣሁ።»

እንዳለው ሆነ። ኮቱን ለጊዜው በነጭ ክር አያይዤ እያስለካሁት ሳለ ደሴ በጠራራ ፀሐይ ገባ። ጠይም፣ አጭር፣ ጋቢውን በደረቱ ያሸረጠ ሰው ነው። ምንም ሳይናገር አፈሙዙን ይግዛው አገጭ ሥር ሰካ። እኔ አልፈራሁም፤ መርፌው ብቻ ከእጄ ወደቀ።

«ይህ ነው ባሕር የምትሻገርበት?» አለ ደሴ ኮቱን በዓይኑ እየለካ።

«ይህ ነው» አለ ይግዛው።

«እጅጌው ገና ነው።»

«ገና ነው» አልኩ እኔ።

«አንተ ሰፊ፣ መቼ ታደርሰዋለህ?»

«የጠንካራ ሱፍ ሥራ ነው፤ አይጣደፉብኝ።»

«አልጣደፍም። በክር የተሰፋ የገለባ ሰው ገድዬ የወንድሜን ደም አልመልስም። አሳምረህ ስፋው። ለብሶ፣ ቁልፉን ቆልፎ፣ እናቱ እልል እያለች ሲወጣ ነው የምፈልገው።» ይህን ብሎ በሰደፉ ግንባሩን መታው። ይግዛው መኪናዬ ላይ ወደቀ፤ ደሙ በነጩ ክር ላይ ተንጠባጠበ። ወለሉ ላይ ሆኖ ወደ ላይ እያየ፣ «ደሴ፣ በምን የተነሳ ነበር?» አለው። «ወንድምህና ወንድሜ፣ በምን የተነሳ ነበር?»

ደሴ በሩ ላይ ቆመ። ትንሽ አሰበ። «ሣር» አለና ወጣ።

በቀጠሮ ቀን ሳላደርስ ቀርቼ የማላውቅ ሰው ያን ኮት ማዘግየት ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ገበሩ አልመጣም» እላለሁ። የጉባኤው ቀን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሌላ መንገድ አቀድኩ፤ ይህን ዕቅድ ጄኔራል ቢሰማው ያደንቀኛል። አውቶቡሱ ጣራ ገዳም ሥር ያለውን ዳገት ሲይዝ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው፤ ደሴም እዚያ ይጠብቃል። እኛ ግን ከሜዳው ዳር በደንገል ታንኳ አሳፍረን፣ በዓሣ አጥማጆች መሐል ጎርጎራ እናወርደዋለን። ከጎርጎራ ጎንደር ቅርብ ነው።

ይግዛው ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። «መሄዱንስ ሄድኩ። መመለሻዬስ? ባሕር ተሻግሬ ብመለስማ ዋጋዬ የባሰ ይጨምራል!»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

«ኮቱን ጨርሰው» አለኝ።

«ይገድልሃል እኮ!»

«ጨርሰው፤ ጋሼ ኑሩ።»

ጨረስኩት። እንደዚያ ያለ ኮት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወረታ ላይ አልተሰፋም። የመሸኛው ለት ግራዝማች ቄሶቹንና ሽማግሌዎቹን ሁሉ እቤቱ ሰበሰበ። ይግዛው ኮቱን ለብሶ ገባ። ተመረቀ። ምርቃቱ ሲያበቃ መሐል ላይ ቆሞ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታና ኮቱን አወለቀ።

«አባቶቼ» አለ፤ «እኔ የተጠራሁት የወገኔን ወግ ለመናገር ነው። ወገኔ አውራ አለው። አባት ሳለ ልጅ አውራ አይባልም። ይህን ኮት እስክሄድ ድረስ አጎቴ ይልበሱልኝ። ለብሰውት ገበያ ይውጡበት፤ አገር ይየው። እኔ የእርሳቸውን ክብር ለብሼ ልሂድ።»

ሽማግሌዎቹ «እሰይ! የጨዋ ልጅ!» አሉ። እኔ ግራዝማችን ነበር የማየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኮት ምን ያደርግልኛል?» አለ።

«ምነው አጎቴ? ከበደዎት እንዴ?»

ከበሩ በኩል አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ደሴ ምን ብሎ እንደሄደ የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ግራዝማች የሳቀውን ሰው ፈልጎ አየው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ሁለቱ በትከሻ አንድ ልክ ነበሩ፤ ኮቱ ልክክ አለበት።

ማንም በግድ አላለበሰውም። ማታ ቤቱ አውልቆ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ግን የፎገራ ሰው ነው፤ ፈርቶ አወለቀው ከሚባል መሞት ይቀለዋል። በማግስቱ የወረታ ገበያ ነበር፤ ወሬውም ሌሊቱን አንበሳሜ ደርሶ አድሯል። በበቅሎ መጣ። ኮቱን ከተፈሪ ሱሪው ላይ ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆልፎ፣ ከፊቱ ሁለት ጠመንጃ ያዦች አስቀድሞ በሱቄ በር አለፈ። አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። አምሮበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።

ተኩሱ ከቆዳ ነጋዴዎቹ በኩል መጣ። አንድ ጥይት ብቻ ናት። ግራዝማች በኮርቻው ላይ ቁጭ እንዳለ የደረት ኪሱን በመዳፉ ያዘ፤ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ በቀኝ በኩል ተንሸራተተ። ጠመንጃ ያዦቹ በጭፍን ተኮሱ፤ አንዲት የጨው ነጋዴ እግሯ ተመታ፣ ጨው የጫነ አህያ ወደቀ። በቅሎዋ ግራዝማችን ከእርካቡ ጋር እየጎተተች በበርበሬና በእህል ላይ ሮጠች። ሰው በሰው ላይ ሲረጋገጥ ደሴ ወደ ጉማራ ወረደ። ከዚያ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን እስኪያስታርቁ ጫካ ነበር፤ ኋላ እጁን ሰጥቶ ታስሮ ወጣ።

ለቅሶው ላይ የግራዝማች ልጆች የአባታቸውን ጠመንጃ አምጥተው ለይግዛው ሰጡት። አሁን አውራው እውነትም እሱ ነው፤ ደም የሚመልሰውም እሱ ነው። ይግዛው ጠመንጃውን ተቀበለ። ጥይቱን አወጣና አፈር ላይ ጣለው።

«አንድ ከእነሱ፣ አንድ ከእኛ» አለ። «ሽማግሌዎች ይቁጠሩት። ተካክሏል።»

«የአባታችን ደም ከዚያ ከብት ጠባቂ ደም ነው የሚካከለው?» አለ የበኩር ልጁ።

«በምን የተነሳ ይበልጣል?»

የበኩር ልጁ ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ አፉን መታው። ሌሎቹ ወረዱበት። ያ የሰው አንጓ እንደ ቄጠማ የሚሰብር ሰው እጁን አላነሳም፤ ሁለት ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ፣ ጎድኑ ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ በላዩ ላይ ባይወድቁበት እዚያው ይቀር ነበር። ያን ጊዜ የግራዝማች ሚስት ከውስጥ ወጡ። ፊታቸውን ነጭተውታል። ኮቱን በእጃቸው ይዘዋል፤ ደሙ ደርቆ ቆርቆሮ መስሏል። ወለሉ ላይ ለወደቀው ይግዛው ፊቱ ላይ ወረወሩለት።

«ይኸው ኮትህ! ውሰደው! ይህንኑ ለብሰህ ባሕርህን ተሻገር!»

ከጥቂት ቀን በኋላ እየተጎተተ እኔ ዘንድ መጣ። ኮቱን ርብ ወንዝ ላይ ራሱ አጥቦታል።

«ይህን አቃጥለው፤ ሌላ እሰፋልሃለሁ። እንቅልፌን ትቼ አደርስልሃለሁ» አልኩት።

«ይህንኑ ለብሰህ ተሻገር ብለውኛል።»

«ተናደው ነው።»

«ይህንኑ ነው የምለብሰው።»

ጥይቷ ከደረት ኪሱ በላይ ገብታ በጀርባ አልወጣችም፤ ቀዳዳው አንድ ነው። ከኮቱ ግርጌ፣ ከውስጥ እጥፋቱ፣ የራሱን ክር እየመዘዝኩ ሽመናውን ተከትዬ ዘጋሁት። እየሠራሁ፣ «አውቀህ ነው ወይ ያለበስከው?» አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኩት።

ጆሮውን አሸ። «የጫነብኝን መልሼ ጫንኩበት። እንዳያወልቀው ግን አላሰርኩትም።» ከዚያ፣ «እንደማያወልቀው ግን አውቅ ነበር» አለ።

ሄደ። በአውቶቡስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጣራ ገዳም ዳገት። ማንም አልነካውም። ደም ተካክሏል።

ሲመለስ ሽበት ጀምሮት ነበር። በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። ስለ ባሕሩ ጠየቅኩት፤ «እንዳልከው ነው፤ ማዶውን ይደብቃል» አለኝ። ስለ ጉባኤው ጠየቅኩት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር አለ። ደም የሚመለሰው በገዳዩ ላይ ሳይሆን በወገኑ አውራ ላይ እንደሆነ ነገራቸው። አንድ ሽበታም ሊቅ ከፊት ተነስተው፣ «ይህን በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» አሉት።

«ምን አልካቸው?»

ይግዛው መዳፉን ከደረት ኪሱ በላይ አሳረፈ፤ እዚያም እንዲሁ አድርጎ እንደነበር ገባኝ። «‹ሰዎች ነግረውኝ ነው› አልኳቸው። ጻፉት፤ አጨበጨቡ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ ኑሩ፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ከደረቴ ፊት ቆሞ ጨበጠኝ፤ ቀዳዳ እንደነበረበት አንድም ሰው አላወቀም። እጅህ አይታጠፍ። እንዲህ ያለ ሙያ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ ለእያንዳንዱም በምስጋናው ላይ ምን መጨመር እንዳለበት ነግሬዋለሁ። ሲያመሰግኑኝ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።